ነጩን ተዉት

ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ከቆርቆሮ ሱቁ ኋላ፣
መስኮቷ ጦሳን የምታይ፣ አለች አንዲት ጠባብ ክፍል፤
ደሴ ብርዷን ስትለቅባት በልጅ ትንፋሽ የምትሞቅ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በእርሳስ ልጣጭ የምትሞላ።

ሠላሳ ዓመት ታፔላ ጽፌ፣ ለሥጋ ቤት በሬ ስዬ፣
ለጎሚስታ ጎማ፣ ለፀጉር ቤት ዘንፋላ ሴት ጥዬ፣
ዛሬ በስተርጅና፣ አሥራ አራት ልጅ ሰብስቤ፣
ዓይኗ ግማሽ ፊቷን የበላ ልጅ አሳሳል
አስተምራለሁ፣ ራሴን ታዝቤ።

እኔ አላመጣኋትም። እነሱ ናቸው ያመጧት፣
በእሱባለው ወንድም ስልክ፣ መስታወቱ በተሰነጣጠቀ።
«ጋሼ፣ ይቺን የጃፓኗን!»
አየኋት። አፍንጫዋ ነጥብ፣ አፏ የጤፍ ፍሬ፣
አገጯ የሾለ፤
እንዲህ ያለ ፍጥረት አላየሁም፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ኖሬ።
ዓይኖቿን ግን
አውቃቸዋለሁ።
ልጅ ሳለሁ ቀለም የበጠበጥኩለት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ
ጻድቃኑን እንዲህ ነበር የሚስላቸው፣ ዓይናቸውን አስፍቶ፤
ከሐዲውን ብቻ ነው በጎን አዙሮ፣ አንድ ዓይን አስቀርቶ።
ይኼን ለልጆቹ አልነገርኩም።
«እንቁላል ሳሉ» አልኩ። «መሐሉን በስሱ መስመር ክፈሉ።
ዓይን ከመስመሩ በታች ነው። ግንባሩን አትፍሩት፣ ሰፊ ይሁን።»

እሱባለው እጁ ከባድ ነው። እርሳሱ ሦስቴ ተሰበረ፣
ላጲሱ ወረቀቱን በላው፤
በቀዳዳው አጮልቆ፣ «ጋሼ፣ የኔዋ ዓይኗ በሳ ቀረ!»
እኔም በወዲያ በኩል ጎንበስ ብዬ አየሁት፤
«አይዞህ፣ እያየችህ ነው» አልኩት።

ቀለሙ አሥራ ሁለት እንጨት ነው፤ ሁሌ ሁለት ልጅ ይጠብቃል።
«ያችን የቆዳዋን አቀብይኝ» አለ ሙኒብ፤
ተቀበለና ክንዱ ላይ አጋደማት፣
ከዚያ የረምላ ክንድ ላይ፣ ከዚያ የኔ።
«የማን ቆዳ ናት ግን?»
ሣጥኑ ውስጥ መለስናት።
ቡናማ ላይ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ ቀይ፣ ሳንጫን፣ እየደጋገምን፣
ጠይም ወጣች፤ የቀይ ዳማ ወጣች፤
የአንዷ ብቻ አረንጓዴ ሆነች፣ ባለቤቷም አልተከፋች።

ረምላ ጣቷን ቀሰረች።
«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የድመት ጆሮ አላት አይደል?»
«አላት።»
«ሒጃብ ስታደርግ ጆሮዋ የት ይገባል?»
ክፍሉ ጭጭ አለ። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ሙያ
መልስ አጣ።
እሷ ግን ቀድሞም እኔን አልጠበቀችም፤
ሐምራዊውን አነሣች፣ ጨርቁን ከግንባር ወደ ትከሻ አወረደችው፣
አናቱ ላይ ሁለት ሾጣጣ፣
ድንኳን ከውስጥ በሁለት ምሰሶ እንደ ተገፋ።
ሳቅ በሳቅ ሆንን።
እሱባለውም ለባለ ቀዳዳዋ ነጠላ አጣፋላት፣
ባለ ሁለት ሾጣጣ ነጠላ።

«አሁን ዓይኑን አጥቁሩ።
ግን ሁለት ነጥብ ተዉልኝ፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ።
ብርሃን አይቀባም፤ ይተዋል እንጂ።
ነጩን ተዉት።»

ሁሉም ተወ። ትንሹ ኢምራን ብቻ፣
እግሩ ከወንበር ወለል የማይደርሰው፣
ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ
ሁለቱንም ዓይን ድፍን አድርጎ አጠቆራቸው።
«ብርሃኑስ?» አልኩት።
ቀና እንኳ ሳይል፣ «መብራት ሄዶባት ነው።»
«መቼ ይመጣል?»
«እኔ ምን አውቃለሁ።»

የረሳሁትን መነጽር ፍለጋ ማታ ተመለስኩ።
የእውነትም መብራት የለም። ጭጋግ ሰፈሩን ውጦታል፤
ከጠዋት የተረፈው የልጆቹ ትንፋሽ
አሁንም መስኮቱ ላይ ነው።
በትንፋሹ ላይ በጣት የተሳለች ፊት አለች፣
ቁመቷ ወንበር ላይ የቆመ ልጅ የሚደርስበት፤
ዓይኖቿ እስከ ጥግ ተጠርገው፣
የውጭው ጨለማ ሞልቶባቸዋል።

መነጽሩን በዳበሳ ሳገኘው፣
ታች ሰኞ ገበያ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጣ!» አለ።
ቀና አልኩ።
ከግራ ዓይኗ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ።
የቀኙ ገና ነበር፤
ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩት።