አሥራ አንድ ደቂቃ

ሥራዬ መጻፍ ነው በችሎት መካከል፣
አንዱ ቃል ሲጨርስ ሌላው ሲቀበል፤
ሃያ ሁለት ቁልፍ ላይ አሥር ጣት ይዤ
ሠላሳ ዓመት ኖርሁ በሰው ቃል ፈዝዤ።
ሳል አይመዘገብም፣ ለእንባም ቁልፍ የለው፤
ራሱን ለነቀነቀ «በድምፅዎ» ነው የሚባለው።

በሰሜን ዳኮታ በየካቲት ብርድ
ስምንት ጉዳይ ነበር የሚጠብቅ ፍርድ፤
አራተኛው መዝገብ የሶልቬግ ትቬት ነው፣
ስትሮክ መትቷት አንደበቷን የያዘው።
ሞግዚቷ ካርስተን፣ የወንድሟ ልጅ፣
ክፉ ሰው አልለውም፣ የቸኮለ እንጅ።
ሦስት መቶ ሃያ ኤከር የስንዴ መሬቷን፣
ከነፋስ ኃይል ኩባንያ ጋር ያጣላትን፣
በስምምነት ዘጋው፤ ግማሹ ለእነርሱ፣
ቤትና ጎተራው በርካሽ ለራሱ።

«መጥሪያስ ደርሷታል?»
«በአድራሻዋ ልከናል።»
«ልከናል» ብዬ ጻፍሁ። ልዩነቱ ገብቶኛል፤
ጸሐፊ ግን ዝም ይላል።

ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
«ተቃዋሚ አለ?» አሉ፣ ገጽ እየገለጡ ነው፤
እኔም ጻፍሁ፦ «የለም።»
የለም ያለ ሰው ግን በክፍሉ አልነበረም።
«ጸድቋል» ሲሉ ሰዓቱን በልማዴ አየሁ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ። ቀጣዩን ጠበቅሁ።

መጥሪያው የሄደው ወደ እርሻው ቤት ነበር፣
ከመኸር ወዲህ ሰው ያላለፈው በር።
የፖስታ ሳጥኑን የበረዶ መኪና
ገጭቶ ጉድባ ውስጥ ጥሎታል ገና
በታኅሣሥ።
እርሷ የምትኖረው ከእኛ ፊት ለፊት፣
መንገድ ተሻግሮ፣ አረጋውያን ቤት፤
በመስኮቷ በኩል ሰዓታችን ይታያል።

የካርስተንን መኪና ከደጃችን አይታ፣
ነርሷን ማሪሴላን በእጅጌዋ ጎትታ፣
በተሽከርካሪ ወንበር ስትደርስ ደጃፉን
ጽዳቱ ይጠርግ ነበር የችሎት ወለሉን።
ካፖርቷ እስከ አንገቷ ተቆልፎ ነበር፤
ጉትቻም አድርጋለች።

ያን ማታ መዝገቡን ደግሜ ቆጠርሁት፤
ስሟን ዘጠኝ ቦታ ተጽፎ አገኘሁት፣
ቃሏን አንድም ስፍራ።
የሞተ ሰው እንኳ ኑዛዜው ይነበባል፤
በቁሟ ያለችን ሴት ምን ብሎ ይዘሏታል?

አንዲት ጀማሪ ጠበቃ ያለ ክፍያ ቆማ
አቤት አለች፤ ግንቦት ላይ አቤቱታዋ ተሰማ።
ዳኛው ይቅርታ አላሉም፤ መነጽር ወለወሉ።
«ወይዘሮ ትቬት፣ ይህን ስምምነት ይቀበላሉ?»
አንድ ምት «አዎ» ነው፣ ሁለት ምት «አይሆንም»፤
ካርስተን ጫማውን ያያል፣ ቀና አላለም።

ጠረጴዛውን መታች።
ቆየች።
ደግማ መታች።

ጣቶቼ ከቁልፉ በላይ ቀሩ ተንጠልጥለው፤
ይህን የሚጽፈው የትኛው ቁልፍ ነው?
መሬቱ ይመለስ፣ አይመለስ፣ እኔ አላውቅም፤
ቀጠሮው ለሐምሌ ነው፣ ስንዴውም አይቆምም።
በቅንፍ ጻፍሁት፦ (ሁለት ጊዜ መታች)።
ቀና ብዬ ጠበቅሁ።
ዳኛው «በድምፅዎ» አላሉም።