ግመል ቀለም

ሲሊንደሩን አሰፋን፣ ፒስተን አሳደግን፣
ጉሮሮውን ብቻ እንደነበር ተውን።
ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትን ይለዋል፣ ያስላል፤
ሆዱ በርሜል ሆኖ በቀሰም ይምጋል።

ካርቡሬተር መጣ በሩዝ ጆንያ ሆድ፣
ከጅቡቲ ወዲህ፣ በማይጠየቅ መንገድ።
ጋሽ ጣሂር ገጠመው፤ ባቡር ጥገና ቤት
ሠላሳ ዓመት ቆሞ ጆሮው የቀረለት።

ዞሬ ስመጣ ካንዴላውን ፈታ።
«ነጭ ነው። ርቦታል፣ ራሱን ይበላል።»
ጂግለር ቀየርን፤ ጥላሸት ለብሶ ወጣ።
«ይኸ ደግሞ ቁንጣን።»
«ታዲያ ምን ይምሰል?» አልኩት።
በካቻቢቴው ጫፍ ወደ ደቻቱ ጠቆመ፤
አሸዋው ላይ አንዲት ግመል ተኝታ ታመነዥካለች።
«የሷን ቀለም አምጣ፣ አቦ!»

እስከ አሱር ፈትቶ መግጠም፣
ምሳዬም ቤንዚን ቤንዚን አለኝ።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካንዴላው ወጣ፤
ቡኒም አይደል፣ ግራጫም።
ግመል።

ደቻቱን ሽቅብ ለቀቅሁት፤
አራቱም ጎማ አሸዋ ዘሩ።
ትን የለም። ሳል የለም።

ስመለስ «እንዴት ነው?» አላለኝም፤
ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ፣
ከሩቅ የሚመጣ ባቡር እንደሚጠብቅ፣
ሚኒሞውን ሩብ ዙር መለሰው።
«አሁን አፉን ፈታ።»

እኔ ግን ልዩነቱን አልሰማሁም።
ገና ነኝ።