ኦፍ ኢላሊ

ቤት የቀየርን ዕለት፣ ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ፣
የአባቴን ቁም ሳጥን መታው የአጥሩ ግንድ።
መስታወቱ ተሰነጠቀ ከአናቱ እስከ ታች፤
እኩሌታዋ ረገፈች፣ እኩሌታዋ ቀረች።

የተረፈችውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ
ሂርማታ ወረድኩ፣ ነዚፍ ሱቅ፣ «ጠርዟን አስተካክልልኝ» ብዬ።
ነዚፍ አባ ሜጫ አያወራም ብዙ፤
ይናገርለታል መስታወት ላይ የሚንጫጫው አልማዙ።
ቆርጦ ሲያቀብለኝ፣ ቀና ሳይል እንኳ፣
«ኦፍ ኢላሊ» አለኝ፣ ባደግሁበት ቋንቋ።
ተጠንቀቂ ማለቱ ነው፤ ስል ነው ጠርዙ ገና፤
ቃሉን ግን ብትፈቱት «ራስሽን እይ» ነውና፣
የትኛውን እንዳለኝ ሳልጠይቀው ወጣሁ፤
ሒሳቡን ከፍዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ጭኔ ላይ ሰማይ ይዤ አዌቱን ተሻገርኩ፤
የግንቦት ደመና፣ የመብራት ሽቦ፣ አንድ ቁራ ቆጠርኩ።
ባጃጅ ነጂው ልጅ ዘወር አለና ኮፍያውን አቃና፤
አናናስ ሻጯም አጎንብሳ ጥርሷን ፈተሸችና
«ይሄስ ያስረጃል!» ብላ ገፋችው፣ እንደማትገዛው ዕቃ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩ ከሰሌዳው አናት፦
«ነጸብራቅ፦ ብርሃን ነጥሮ የሚመለስበት ሥርዓት»።
ባለፈው ራጂ ተነሣ፣ ከኋላ ወንበር፦
«ቲቸር፣ ጥቁር ላይ ወድቆ ያልተመለሰውስ፣ የት ነው የሚያድር?»
«ሙቀት ይሆናል» አልኩት። ጻፈ። ደወል ተደወለ።

በሥልጠናው ማብቂያም አሠልጣኙ «አሁን ሪፍሌክሽን!» አለ፤
ሠላሳ መምህር አበሉን እያሰበ ዝም፤
«ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር» አለች አንዷ። እሱኑ ጻፈው፣ አልተቆጣም።

መስታወትና ማስተዋል እህትማማች ይመስሉኛል፤
የአማርኛው መምህር ይታገሱ፣ «ጆሮሽ ነው፣ ዘር በድምፅ አይቆጠርም» ይለኛል።
ይሁን።
አባቴ ግን ሲላጭ፣ ፊቱ አረፋ ለብሶ፣
እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላው ቆሜ፣ እሱ ሳይዞር መልሶ
በመስታወቱ ውስጥ ነበር የሚያየኝ። ፊት ለፊት አላየኝም።
(አንድም ቀን? አንድም ቀን። ምናልባት የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አላውቅም።)

ማታ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ጠባብ ነው፣ አይበቃኝም፤
ግራ ዓይኔን ስሰጠው ቀኙን አይቀበለኝም።
በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።
እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፣ ሠላሳ ዓመት ፊቱ የወደቀበትን፣
ተመልሶ ያልመጣውን ፍለጋ፣ እዚያው የቀረውን።

ቀዝቃዛ ነው።

ሰኞ ራጂን እጠራዋለሁ።
«ሙቀት ይሆናል ብዬህ ነበር፤ አልዋሸሁም፣ ይሆናል።
ያን ቀን ደወሉ ቀደመኝ እንጂ፣
ይበርዳልም።»