ያላለቀሰ ቁስል

ቤኒን፣ ኡዌሜ ወንዝ ዳር፣ ከሁዌፋ ክንድ ስር
ብቅ አለች እብጠት፣ የምታክል ምስር።
አላንገበገባት፣ አላሳከከቻት፤
መረብ ስትጎትት ጭራሽ ረሳቻት።

ሌላው ቁስል ቢሆን ኡኡ ብሎ ያስጥላል፤
ይሄ ግን ከቆዳ ስር ድምፁን አጥፍቶ ይበላል።
ዚንሱ አባቷ ያየው እጅጌዋ ሲረጥብ፣
መዳፍ የሚያህል ነበር፣ ጠርዙ የተቦረቦረ ክብ።

አምሳ ስድስት ቀን ኪኒን፣ ጧትና ማታ፤
ሽንቷ ብርቱካን ሲመስል፣ አንዴ ስቃ አንዴ ፈርታ።
ከዚያ ምላጭ መጣ፣ የሞተውን ጠርጎ፣
ከጭኗ ቆዳ ልጦ ለክንዷ ድሪቶ አርጎ።

ሌሊት እሪ ስትል ዚንሱ ክንዷን ያዘላት፤
ጭኗ ነው። አበዳሪው። ደህናው ነው ያመማት።

በወሩ ነርስ ሴናሚ ክርኗን ስትዘረጋው በቀስታ፣
«ክንዴን አመመኝ!» አለች።
ዚንሱ ሰማው እንደ ሰላምታ።