መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር?

የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ፣
ጎህ ሳይቀድ በርበሬ ወንዝን ስቀሰቅስ፣ ውሻ እንኳ አይቶ የሚሸሸኝ።
ሴቶች ከበር ይላሉ «ደግሞ ዛሬ ማንን ይዞ መጣ?»
ምን ላድርግ፤ ሥራዬ ነው፣ የሞተውን ስም ይዤ የቆመውን ሰው ላወጣ።

ይኸን የምጽፈው ስለ ጦይባ ነው፤ የጨርቃ ጨርቁ ፈታይ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ከማሽኑ ላይ።
እግሯ ከዳት። የእህቷ ልጅ ታጁ መጥቶ «እኔ አለሁሽ» አለ፣
አመንን። ማን ይጠረጥራል፣ የሥጋ ዘመድ እያለ?

ቆጣሪ አንባቢው ደምሌ በሩን ሁለቴ ቢመታ፣
መቀርቀሪያው ከውጭ ተዘግቶ፣ ከውስጥ ሳል ተሰማው ላፍታ።
ቁጥሩን ከመዝገብ አሰፈረና አለፈ፤
ለሳል የሚሆን መስመር በቅጹ ላይ አልተጻፈ።

ባንክ ያለችው ትርንጎ የውክልናውን ወረቀት አየች፣
የጣት አሻራው ተጨማልቆ፤ «ደህና ናቸው ወይ?» አለች።
«ደህና ናቸው።» ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ብሩን ቆጠረች።

የግፊቷ ኪኒን መድኃኒት ቤት ስምንት ወር ሳይነሣ ከረመ፣
አሕመዲን «ሌላ ጋ ገዝታ ነው» ብሎ የገዛ ልቡን አከመ።

እኔስ?
እኔማ ሰማሁ።
ነፍቼ በአጥሯ ሳልፍ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር ጠራችኝ፣
የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገርኳት፤ አመሰገነችኝ።
«ለእኔስ መቼ ትነፋለህ?»
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄን ይዤ እስከ ድልድዩ ወረድኩ፣
ቦርከና ሞልቶ ነበር፤ ውሃውን አየሁ፤ ቆየሁ፤ ሄድኩ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ዙሪያሽ፣ ስለ ሽንት ቤት ልታስተምር መጥታ፣
«ጦይባን ያያት ማነው?» አለች፣ የቅሬው ስብሰባ ለታ።
ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ገና ተቆጥሮ ሳይጨረስ፣
አንዱ ክሩን መዘዘ፤ ሌላው ቀጠለ፤ እኔ ድረስ።
ደምሌ ሳሉን፣ ትርንጎ አሻራውን፣ አሕመዲን ኪኒኑን አመጣ፣
የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ።
ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ።
«ለሬሳ በአንድ ሌሊት ድንኳን እንተክላለን» አሉ ሼሁ፣
«በሕይወት ላለው ግን…» አልጨረሱትም። የቀረውን ሰማሁ።

በማግስቱ ሄድን፤ ሳጅን የሺ ከፊት፣
የቀበሌው ሰውዬ ከነማኅደሩ፣ ዙሪያሽ ከነቦርሳዋ፣
እኔ ከኋላ፤ ያለ ጥሩንባ እጄ ሲቀል አየሁት።
ታጁ በሩን ይዞ ቆመ። ሰይጣን አልነበረም፤ ከሳ ያለ ልጅ ነው፣
«ስወጣ እንዳትወድቅ ብዬ ነው» አለ፤ ግማሹ እውነት ነው፣
ግማሹን የጫት ቤቱ የዱቤ ደብተር ነው የሚያውቀው።

ገባን። ስላየነው አልጽፍም፤ ገላዋ የእሷ ነው።

ሁላችን ባንድ አፍ ጮኽን፦ ሐኪም! ክስ! አምቡላንስ! ደሴ!
ዙሪያሽ ከፍራሹ ጎን ተንበረከከች፤ «እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?»
ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም።

«ፀሐይ» አለች።
ቆየች።
«ከዚያ የጡረታ ደብተሬን። ከዚያ እሺ፣ ደሴም ውሰዱኝ።
የልጁን ነገር ሕግ ያውቃል፤ ስትጠይቁት ግን አስጠሩኝ፣
ስለ እኔ ስትነጋገሩ እኔን አትዝለሉኝ።»
ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ነህ? ባለ ጥሩንባው?»
«እኔ ነኝ።»
«አብሽር። ስሞት ብትነፋ አልሰማህም፤
ዛሬ ስታንኳኳ ግን ሰማሁ።»

አሁን ሐሙስ የእኔ ተራ ነው፤ ማክሰኞ የትርንጎ።
የታጁ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው፤ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣
ደጅ ይቆማል፤ «ግባ» ካለችው ይገባል።
መቀርቀሪያውን ደምሌ ነቅሎ ከውስጥ በኩል መታው፣
ከወለሉ ሦስት ስንዝር፣ እጇ በሚደርስበት ልክ ለክቶ አበጀው።

ባለፈው ሐሙስ አንኳኳሁ፤ አልተከፈተም።
ደገምኩ። ልቤ ቀጥ አለ፤ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ጥሩንባ ታየኝ።
ከውስጥ ድምፅ መጣ፦
«ዛሬ ሰው አላሰኘኝም፤ ነገ ና!»
እየሳቅሁ ተመለስኩ።