የጥገኛ ሣጥን

አዲሱ መሥሪያ ቤት ቅጹን አስሞላኝና፣
«አንድ ወረቀት ቀርቷል» አለች ጸሐፊዋ ሳትል እንኳ ቀና፤
«ከቀድሞው አሠሪህ፣ የተቆረጠው ግብር የሰፈረበት፤
እስከ ዓርብ ይድረስ፣ ማኅተም ያለበት።»

ዓርብ ቀላል ነው፤ ስልኩ ነው ከባዱ።
ሚያዝያ ላይ ስወጣ ከሂጋሺ ኦሳካ፣ ከኩሱዳ ብሎን ቤት፣ ከጉዱ፣
በሩን እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት
መስታወቱ ያውቃል። እኔ ነኝ የከፈልሁት።

ሦስት ቀን ደወልሁ፤ ሦስቱንም ዘጋሁት ሳይነሣ።
በአራተኛው ሚስትየው አነሣች፤ ሳሏን እንዴት ልርሳ፤
መዝገቡ በእሷ እጅ ነው፣ ደመወዙም፣ ሻዩም፣ የባሏ ቁጣም።
«እልካለሁ» አለች። ሌላ አላለችም። እኔም።

ሐሙስ ፖስታው መጣ፣
ጠርዙ ላይ የዘይት ጣት አርፎበት።
ኢሶቤ ቴትሱሮ፤ የአራት ወር ላብ በአንድ መስመር ተጽፎበት።
ከዚያ በታች፣ ጥፍር በምታህል ሣጥን ውስጥ፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፦
«ጥገኛ፣ አረጋዊት እናት፣ አንድ።»

እናቴ በሰኔ ሞታለች።
ለኩሱዳ ቤት አልነገርሁም፤ እዚያ ገና አለች፤
ከግብሬ ላይ ትቀንስልኛለች።

እስክሪብቶ ይዤ ጸሐፊዋ ዘንድ ቀረብሁ፣ ላርመው።
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተወው፤
በዚህ ዓመት የሞተ ሰው
ለዚህ ዓመት ይቆጠራል፤ ሕጉ እንዲያ ነው።»

አስረክቤ ወጣሁ፤ ቅጂ ግን አስቀረሁ።
ማታ፣ «ደርሶኛል» ልል፣ ብሎን ቤት ደወልሁ።
ወይዘሮ ኩሱዳ ዝም አለች ጥቂት፣
ሳለች።
«እናትህስ?» አለች።
ቅጂው ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ሣጥኗ ወደ ላይ እንደዞረች።