ዓምድ የሌለው

ጥፍሬን የምታክል የቆሮሶ ጫጩት፣
ማድረቂያው ውስጥ አድራ ማለዳ ሳወጣት፣
ለካስ ውሃ ኖራለች፤ ሚዛን አልሰማትም።
የሁለት ዓመቱ ግን ወዙ አያልቅበትም፤
“ስብ ሰባት፣ ፕሮቲን ሃያ” ብዬ ጻፍሁ በእርሳስ፤
“ይህ ለጥብርያ ገበያ!” አለ ኤልካና እጁን ሲያብስ።

ሦስተኛዋ ዛሬ ከኪኔሬት መጣች፤
ዕንቁላሏን ባፏ እንደያዘች ነበረች።
ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዳች ሳትቀምስ ኖረች፣
እንዳትውጣቸው ብላ፤
ስቧም አንድ አይሞላ።
ሥጋዋን በጣቴ ተጫንሁት፤ ሰረጎደ።

“ደካማ ሥጋ ነው፣ መናኛ በይ” አለኝ፤
ከሰንጠረዡ ላይ ሌላ ቃልም የለኝ።
ጻፍሁት።

ከአፏ ያፈሰስሁት ዕንቁላል ግን ነበር፤
ዘጠኝ መቶ አራት፣ ስቆጥር፣ ስቆጥር።
የሚሰፍርበት ዓምድ ሰንጠረዡ የለውም፤
ታጥቤ ነበር እጄን፤
ሽታው አልለቀቀም።